የሞፈር ውሃው ቅል

ያ የምርጫ ወረዳ ዛሬ በቦታው የለም፤
ቢፈልጉት በካርታ፣ በመዝገብ፣ በማኅተም፣
«ሰላ ድንጋይ ሁለተኛ» የሚል አንድ ፊደል የለም።
ሁለት ጊዜ ተቀዶ፣ ሦስት ጊዜ ተሰፍቶ፣
እንደ አሮጌ በርኖስ የትከሻው ጫፍ ጠፍቶ፣
የቀረው አባቴ ቤት፣ ከባናው መስቀያ አናት፣
አፏ በሰም የታተመ አንዲት ትንሽ ቅል ናት፤
ማንም እንዳይነካት፣
ማንም እንዳይከፍታት።

አባቴ ጸሐፊ ነበር፣ ጥላዬ ኀብተ ወልድ፣
ቀለሙን ከጥላሸት ራሱ የሚያዋህድ፣
ስም ሲጽፍ የማይቸኩል፣ ከነአያት የሚጠራ፤
«ማን ልበል?» ሲል ባላገሩ መዝገቡን እየፈራ
«ግብር ነው?» ይለው ነበር።
«አይ፣ ድምፅህን ነው።»
«ድምፄማ ጌታዬ፣ ከዚህ ብጣራ ማዶ የሚሰማ ነው።»

ሰኔ ነበር፣ ሃምሳ ሰባት።
ተወዳዳሪው ሁለት፤
ፊታውራሪ ደርሰህ፣ ምልክታቸው ጃንጥላ፣
መምህር ዘርጋው፣ ማረሻ፣ በአጎቱ ርስት ከለላ።
ዝናቡ ሲጠና ሰዉ ወደ ጃንጥላ አዘነበለ፤
«መስከረም ሲጠባሳ?» የማረሻው ወገን አለ።

ማዶ፣ ቋያ በር፣ ከገደሉ ወዲያ፣
አርባ ሦስት ሰው መረጠ፣ በአንድ የበግ ማደሪያ።
ግን ሞፈር ውሃ ሞላ።
በቅሎዋ ከዳር ቀረች፣ ሳጥኑም ከነቁልፉ፣
ወንዙ ድንጋይ እያላመጠ ሲያልፍ በሰፊ አፉ።
ያኔ ዋናተኛው ንጋቱ፣ ሽማግሌ አስመስክሮ፣
ወረቀቱን ጠቅልሎ፣ ከደረቅ ቅል ቀብሮ፣
ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የጧፍ ትራፊ ለምኖ፣
አፏን ደፈነና ካንገቱ አሰራት፣ አምኖ
ገባ።

ሲወጣ የአውራ ጣቱ ጥፍር የለም።
ሲደርስ ቆጠራው ትናንት ማታ አልቋል፤
ጃንጥላ ማረሻን በዐሥራ አንድ ድምፅ በልጧል።
አባቴ ብዕሩን ነከረ፤ እጁ አልተንቀጠቀጠም፤
«ዘግይቶ ደረሰ» ብሎ ጻፈ። ሌላ አልጨመረም።

ፊታውራሪው አዲስ አበባ፣ ከምክር ቤቱ ወንበር፣
አንድ ቀን ተነሥተው ተናገሩ፤ ስለ ድልድይ ነበር።
ድልድዩ ሳይመጣ ምክር ቤቱ በሩን ዘጋ፤
ሌሊቱም ሌላ ማኅተም፣ ሌላ ሊቀ መንበር ይዞ ነጋ።
ቋያ በር አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ተጣለ፤
ንጋቱ ግን ባገኘን ቁጥር «ቆጠራችሁት?» አለ።
እስኪሞት ድረስ። አባቴ «ዘገየህ እኮ» ከማለት
ሌላ መልስ አልነበረው፤ ጠላ ግን ይቀዳለት።

አባቴ ባረፈ በአርባው ቅሏን አወረድኳት፤
አቧራዋን ጠርጌ ወደ መስኮት አቀረብኳት።
ሰሙን በቢላ ስፍቀው፣ የላዩ ነጭ ሲነሣ፣
ከሥር ቢጫ ሰም ወጣ፣ የጧፍ፣ የድሮ ጠባሳ።
ሁለት ሰም።
ሁለት ጊዜ ታሽጋለች፤
አንዴ ማዶ፣ በንጋቱ እጅ፤
አንዴ እዚሁ፣ ሁላችን ስንተኛ።
በዚህ ቤት ሻማ የሚገዛ
ከእሱ በቀር ማን ነበረ?

ቆጠርኩ። ጃንጥላ ሃያ አራት፤ ማረሻ ዐሥራ ስምንት፤
አንዱ ባዶ ወረቀት ነው፣ የጭቃ ጣት ያረፈበት።
ቢቆጠሩም ፊታውራሪው ያው ፊታውራሪ ነበሩ።
አባቴ ይህን ያውቅ ነበር።
አንድ ቀን፣ በጠላው መሀል፣ «ምንም አይለውጥም» ቢል
የራሱም ዕዳ ይራገፍ፣ ንጋቱም እፎይ ይል።
ለምን አላለም?

ምናልባት በሰኔ ብርድ ለቆመ አርባ ሦስት ሰው
ከሞላ ወንዝ ይልቅ ይህች ቃል የምትከፋ መስሎት ነው።
ምናልባት ሰሙን በመስበሩ አፍሮ።
አላውቅም።

ወረቀቶቹን መለስኳቸው።
ሰም ስላልነበረኝ ቅሏን በጨርቅ ወተፍኳት።
ነገ ማዶ እሻገራለሁ፤ ዛሬ ድልድይ አለ።
የንጋቱን ልጅ ፈልጌ፣ ስሙን ከነአያቱ ጠይቄ፣
«ተቆጥሯል» እለዋለሁ።
«ስንት ለስንት?» ያለኝ እንደሆነስ?